የእንግዳ ፍቅርና የመነኵሴ ቀን

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር ሲቀመጥ የሚወደው ነገር ልዩ ልዩ ነው። አንዱ የከተማውን ብርሃንና የመንገዱን ስፋት ይወዳል፤ ሌላው የትምህርቱን ብዛትና የሥራውን ስልት ያደንቃል። ጥቂቶች ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የቀኑን አካሄድ ይወዳሉ። ይኸውም በዚያ ስፍራ ሰዎች ሳይቸኵሉ ሲበሉ፥ ሳይቸኵሉ ሲነጋገሩ፥ ሥራቸውንም በየሰዓቱ ከፍለው ሲሠሩ አይተው፥ የገዛ ዘመናቸው በሩጫ እንዳለቀ ይገለጥላቸዋል። ስለዚህ ዐይነቱ ፍቅር ከተጻፉት መጻሕፍት አንዱ፥ ፓትሪክ ሊ ፈርመር የተባለው እንግሊዛዊ የደረሰው ነው። ስሙን ከመጽሐፈ መክብብ ከሦስተኛው ምዕራፍ ወስዶታልና በአማርኛ «ለዝምታ የሚሆን ጊዜ» ልንለው እንችላለን። በመጀመሪያ በ1953 በጥቂት ቅጂ፥ ኋላም በ1957 ለብዙ አንባቢ እንዲዳረስ ሆኖ ታተመ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጽሐፉ ገጽ ጥቂት ነው፤ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ለካህናትም፥ በከተማ ለሚኖሩ ለተማሩ ሰዎችም ቅርብ ስለ ሆነ፥ በዚህ ዓምድ ልንመረምረው ወደድን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው የሚወደው ጸጥታ፥ በዚያ ስፍራ ያሉት ሰዎች ከሚኖሩት ኑሮ ጋራ አንድ ነውን? ወይስ እንግዳው የሚወደው ሌላ፥ የቤቱ ባለቤቶች የሚኖሩት ሌላ ነው?

ደራሲው በ1915 ተወልዶ በ2011 በ96 ዓመቱ ያረፈ ሰው ነው። በወጣትነቱ ዕረፍት የማያውቅ ነበር። ገና በ18 ዓመቱ፥ በ1933 መጨረሻ፥ ከሆላንድ የባሕር ዳር ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቍስጥንጥንያ ጕዞ ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በ1944 በቀርጤስ ደሴት ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ ክራይፔ የተባለውን የጀርመን ጄኔራል ማርኮ ወደ ግብፅ አሻገረ። ከጦርነቱ በኋላ ስለ ካሪብያን ደሴቶች መጽሐፍ ይጽፍ ነበርና፥ ጸጥ ያለና ወጪው ያነሰ ማደሪያ ሲፈልግ፥ በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ቫንድሪይ ገዳም ሄደ። እንግዲህ አስቀድመን ልናስተውለው የሚገባን፥ ወደ ገዳሙ በር ያደረሰው የጽሕፈት ሥራው እንጂ ጸሎት አለመሆኑን ነው። ደራሲውም ይህን አልሸሸገም።

የገባበት ቤት ታሪክ ረጅም ነው። ገዳሙ በ649 ገደማ ተመሠረተ፤ በ9ኛው ምእት ከሰሜን በመርከብ የመጡት ወራሪዎች አጠፉት፤ ኋላም ታደሰ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን መነኰሳቱ ተበተኑ። በ19ኛው ምእት መጨረሻ ቢመለሱም፥ በ1901 ስለ ማኅበራት በወጣው ሕግ ምክንያት ዳግመኛ ተሰደዱ፤ ባዶውንም ቤት ሜተርሊንክ የተባለው የቤልጅግ ደራሲ ተከራይቶ ተቀመጠበት። መነኰሳቱ ወደ ቤታቸው የተመለሱት በ1931 ነው። ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው፥ ደራሲው ያገኘው ጸጥታ ከሜዳ የተገኘ እንዳልሆነ ያስተውላል፤ ብዙ ጊዜ ፈርሶ፥ ብዙ ጊዜም በስደትና በድካም የተሠራ ጸጥታ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልብ እንግባ። ብዙ መንገደኞች ስለ ጸጥታ ሲጽፉ፥ በሩን እንደ ገቡ ወዲያው ሰላም እንዳገኙ ያወራሉ። ሊ ፈርመር ግን እንዲህ አላደረገም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የደረሰበት ኀዘንና ብቸኝነት እንደ ነበረ ይነግረናል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ቀን ደግሞ ይተኛል፤ ሊጽፍ ሲቀመጥ ብዕሩ አይታዘዝለትም፤ የሚያጫውተው ሰው፥ የሚጠጣው መጠጥ፥ የሚሰማው የከተማ ወሬ የለም። ከዚህም በኋላ ብዙ እንቅልፍ መጣበት፤ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ተኛ። ይህ ሲያልፍ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ይበቃው ጀመር፤ የቀረውም 19 ሰዓት ለማንበብ፥ ለመጻፍ፥ ለመመላለስና ለማሰብ ነጻ ሆነለት።

ደራሲው ለዚህ የሰጠው ምክንያት የሚያስመሰግነው ነው። ድካሙ የመጣው ከዝምታው አይደለም፤ በከተማ ሳለ የተጠራቀመው ድካም በዝምታው ጊዜ ተገለጠ እንጂ። ሰው በከተማ ሲኖር ኀይሉን የሚጨርሰው በትልቅ ሥራ ብቻ አይደለም፤ በማይረባ ጨዋታ፥ ባቡር እንዳያመልጠው በመሮጥ፥ በየሰዓቱ በሚመጡ ጥቃቅን ጭንቀቶች ሳያውቀው ይንጠባጠባል። ቀዳዳው ሲደፈን ግን ውሃው ይሞላል። በየደቂቃው በእጁ የያዘውን ስልክ የሚያይ የዛሬ አንባቢ፥ ይህ ምዕራፍ ስለ እርሱ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። እኛም የመጽሐፉን የመጀመሪያ ብልጫ በዚህ እናያለን፤ ዝግ ያለ ኑሮ ከመጣፈጡ በፊት እንደሚመር በእውነት ተናገረ። መራራውን ሳይጠቅስ ጣፋጩን ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ፥ አንባቢውን በሁለተኛው ቀን ተስፋ ቈርጦ እንዲመለስ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ብልጫ ስለ መመለሱ የጻፈው ነው። ከገዳሙ ወጥቶ ወደ ፓሪስ ሲሄድ የደረሰበት ጭንቀት ሲገባ ከደረሰበት እጅግ የባሰ ሆነ። በባቡሩ መንገድ ዳር የተሰቀሉት የመጠጥ ማስታወቂያዎች በፊት የደስታና የነጻነት ምልክቶች ነበሩ፤ አሁን ግን እንደ ስድብ ሆኑበት። የከተማው ድምፅ ሁሉ ጩኸት፥ ሩጫውም ሁሉ ከንቱ ሆኖ ታየው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ ይህ ስሜት እያደር እንደሚያልፍ ደራሲው ያውቃል፤ ለዘለዓለም ተለውጫለሁ ብሎም አይመካም። ከባዕድ አገር የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ጕድጓድ ይህ ነው፤ ያየውን መልካም ነገር በወገኖቹ ላይ የንቀት ዱላ ያደርገዋል። ይህ ደራሲ ግን የተናቀውን ከተማ ከመስደብ ይልቅ የራሱን ልብ መመርመር መረጠ።

ሦስተኛው ብልጫ፥ የሌለውን እምነት አለኝ አለማለቱ ነው። ከመነኰሳቱ ጋራ በአንድ ምርፋቅ ተቀምጦ፥ መጽሐፍ ሲነበብ እየሰማ በዝምታ በላ፤ ጸሎታቸውንም ከኋላ ሆኖ ሰማ፤ ነገር ግን እነርሱን ያቆማቸው እምነት በእርሱ ዘንድ እንደ እነርሱ የጸና አለመሆኑን አልደበቀም። ካህን የሆነ አንባቢ ይህን ሲያነብ ያዝን ይሆናል። እኛ ግን የማያምን ሰው በሐሰት አምኛለሁ ከሚል፥ በደጅ ቆሜ አየሁ ቢል ይሻላል እንላለን፤ ምስክርነቱ የሚታመነው ስለዚህ ነውና።

ስለ ቋንቋው ጥቂት እንናገር። የሊ ፈርመር እንግሊዝኛ ጌጠኛ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ብርቅ የሆኑ ቃላትን፥ የላቲንና የፈረንሳይ ንግግሮችን ይወዳል። ስለ ዝምታ የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ ባለ ብዙ ንግግር መሞላቱ አንዳንድ ጊዜ ያስገርማል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ መጀመሪያ ኋላ ሚስቱ ለሆነችው ሴት ከላካቸው ደብዳቤዎች የወጣ ስለ ሆነ፥ በቅዱስ ቫንድሪይ ምዕራፍ ውስጥ ቃሉ ረጋ ይላል፤ ለሚወደው ሰው በጸጥታ የሚያወራ ይመስላል። ወደ ቋንቋችን ሊመልሰው የሚነሣ ሰው ቢኖር በቃላት አይቸገርም፤ አርምሞ፥ ጽሙና፥ ተመስጦ፥ አመክሮ፥ ተግባረ እድ የሚሉት ቃላት ከግዕዝ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

እስከዚህ አመሰገንን፤ አሁን ግን ጕድለቱን እንናገር። ደራሲው ያገኘው 19 ሰዓት የእንግዳ ሰዓት ነው፤ የመነኵሴው አይደለም። የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዐት የመነኵሴውን ቀን እንዴት እንደ ከፈለው ብናይ፥ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። በመንፈቀ ሌሊት ተነሥቶ ይጸልያል፤ በነግህ፥ በሠለስት፥ በቀትር፥ በተስዓት፥ በሠርክና በንዋም ይቆማል፤ የሰዓቶቹ ስም እንኳ ከእኛ ጋራ ሊገናኝ ጥቂት ይቀረዋል። በእነዚህም መካከል በእጁ ይሠራል፥ መጽሐፍ ያነባል። ደወል በተሰማ ጊዜ በእጁ ያለውን ሥራ ሳይፈጽም ትቶ እንዲሄድ ሥርዐቱ ያዝዘዋል። ይህ እንግዲህ በእንግዳው ዐይን ዝግ ያለ ኑሮ ነው፤ በመነኵሴው ዐይን ግን በየሰዓቱ የሚቈረጥ፥ የራሱ የሚባል ደቂቃ የሌለበት ኑሮ ነው። እንግዳው በመስኮቱ ሆኖ ደወሉን እንደ ዜማ ይሰማዋል፤ መነኵሴው እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል። ሁለቱ አንድ ድምፅ ሰምተዋል፤ አንድ ነገር ግን አልሰሙም።

ደራሲው ይህን ፈጽሞ አላየም ማለታችን አይደለም። መነኰሳት ከዓለም የሸሹ ሥራ ፈቶች ናቸው የሚለውን ክስ ይቃወማል፤ ጸሎታቸውም ስለ ሌሎች የሚከፈል ድካም መሆኑን በአክብሮት ይናገራል። ነገር ግን ፍርዱን እስከ መጨረሻው አልወሰደውም። ለእርሱ ነጻነት የሆነው ጊዜ፥ ነጻነታቸውን አሳልፈው በሰጡ ሰዎች እንደ ተጠበቀለት በግልጥ አይነግረንም። ምግቡን ማን አበሰለ? አትክልቱን ማን ኰተኰተ? ጸጥታውንስ ዝም በማለቱ ማን ጠበቀው? እንግዳን በክብር መቀበል በቤኔዲክቶስ ሥርዐት የታዘዘ ነው፤ ስለዚህ መነኰሳቱ ምስጋና አልጠየቁም። ያልተጠየቀ ዕዳ ግን ዕዳ አለመሆኑን አያሳይም።

ይህን ጕድለት የሚያካክሰው የላ ትራፕ ምዕራፍ ነው። ከቅዱስ ቫንድሪይ በኋላ ደራሲው፥ በ1833 አባ ጌራንዤ መልሶ ወዳቋቋመውና በጥንቱ የላቲን ዜማ ትንሣኤ ወደ ታወቀው ወደ ሶሌም ገዳም ሄደ፤ ከዚያም ወደ ላ ትራፕ ተሻገረ። ላ ትራፕ በ17ኛው ምእት ራንሴ የተባለው አበምኔት ሥርዐቱን ያጠበቀበት ገዳም ነው። በዚያን ዘመን የነበሩት መነኰሳት ሌሊት በ8 ሰዓት ገደማ ይነሣሉ፤ ሥጋ አይበሉም፤ በእርሻ ይደክማሉ፤ ለሚያስፈልጋቸው ነገር በአፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ምልክት ይነጋገራሉ። በዚህ ስፍራ የደራሲው ፍቅር ተፈተነ። የቅዱስ ቫንድሪይ ዝምታ እንደ ጥላ ያሳረፈው ሰው፥ የላ ትራፕ ዝምታ ግን እንደ ድንጋይ ከበደው። ኑሮአቸውን አከበረ፥ ሊወደው ግን አልቻለም። እኛ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ምዕራፍ እናስበልጣለን። ሰው የሚወደውን ነገር ብቻ ሲጽፍ ስለ ራሱ ይጽፋል፤ ሊወደው ያልቻለውን በአክብሮት ሲጽፍ ግን ስለ ሌላው መጻፍ ይጀምራል።

መጽሐፉ የሚያልቀው በሕያው ገዳም አይደለም፤ በቀጰዶቅያ በዓለት ውስጥ በተፈለፈሉት ባዶ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ሥዕሉ በግንቡ ላይ አለ፤ ምርፋቁ ከድንጋይ እንደ ተጠረበ አለ፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። መነኰሳቱ ከብዙ ዘመን በፊት ጠፍተዋል፤ በአገሩ የቀሩት የግሪክ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም በ1923 በግሪክና በቱርክ መካከል በተደረገው የሕዝብ ልውውጥ ምክንያት ወጡ። ይህ ምዕራፍ አጭር ነው፤ አንዳንዶችም ከሌላው ጋራ አልተያያዘም ይሉታል። በእኛ አስተያየት ግን ስፍራው ትክክል ነው። ቅዱስ ባስልዮስ የቀጰዶቅያ ሰው ነው፤ ቤኔዲክቶስም በሥርዐቱ መጨረሻ የእርሱን ሥርዐት እንዲያነቡ መነኰሳቱን ይመክራል። የሁለቱም ምንጭ የግብፅ በረሓ ነው። ከዚያው ምንጭ ወደ እኛም አገር ፈስሷል፤ የአባ ጳኩሚስ ሥርዐት ወደ ግዕዝ ተመልሶ ይነበባልና። ስለዚህ የኖርማንዲ ደወል ለእኛ የባዕድ ደወል አይደለም። ደራሲው ግን ከዚህ ዝምድና ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ያሳየናል፤ ሰው ከሌለበት ዓለቱ ዓለት ብቻ ነው። ጸጥታው በቀጰዶቅያ ከቅዱስ ቫንድሪይ ይበልጣል፤ ሆኖም ማንንም አያሳርፍም። እንግዲህ ሰውን ያሳረፈው ዝምታው ብቻ እንዳልነበረ፥ ዝምታውን በሥርዐት የያዙት ሰዎች እንደ ነበሩ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን የበለጠ ለመረዳት ሌላ መጽሐፍ በጐኑ እናቁም። ፒተር ሜይል የተባለ እንግሊዛዊ፥ በማስታወቂያ ሥራ የኖረ ሰው፥ በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ አሮጌ ቤት ገዝቶ ተቀመጠ፤ በ1989ም «አንድ ዓመት በፕሮቫንስ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በወራት የተከፈለ ነው፤ ስለ ነፋሱ፥ ስለ ምሳው፥ ቤቱን ለማደስ ጀምረው ስለሚጠፉት ሠራተኞች በሚያስቅ ቃል ይነግራል። ሠራተኞቹ ከገና በፊት ሥራቸውን እንዲጨርሱለትም ሚስቶቻቸውን ጭምር ለግብዣ ጠራ፤ ሚስቶቹ ያልተጨረሰውን ቤት ሲያዩ ባሎቻቸው ያፍራሉ ብሎ ነው። ጨዋታው መልካም ነው፤ ነገሩ ግን ያሳስባል። በፕሮቫንስ ያለውን ዝግታ የወደደ ሰው፥ ዝግታው የገዛ ቤቱን ሲነካው ዘዴ ፈለገለት። መጽሐፉም እጅግ ብዙ ሕዝብ ስላነበበው፥ አንባቢዎቹ ቤቱን ሊያዩ እስከ ደጁ ይመጡ ጀመር፤ ሜይልም ከዚህ የተነሣ ለጥቂት ዓመታት ወደ አሜሪካ ሄዶ ተቀመጠ። ጸጥታውን ያመሰገነበት ቃል ጸጥታውን አባረረው። ሊ ፈርመርን ከሜይል የሚለየው የቋንቋ ጌጥ አይደለም፤ የወደደው ኑሮ ዋጋ ያለው መሆኑን፥ ዋጋውንም እርሱ ራሱ አለመክፈሉን በከፊል እንኳ ማወቁ ነው።

ይህ ነገር ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ አለ። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ በገጠራችን ሲያልፍ፥ በሬውን እያዘገመ የሚነዳውን ገበሬ፥ ቡና እስኪፈላ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ጎረቤት አይቶ፥ እነዚህ ሰዎች የጊዜን ምስጢር ያውቃሉ ብሎ ይጽፋል። በቡናው ነገር አልተሳሳተም። ነገር ግን ውሃ ለመቅዳት ሩቅ የምትሄደውን ሴት፥ ሐኪም ቤት ለመድረስ ቀኑን ሙሉ በቃሬዛ የሚሸከሙትን በሽተኛ አይቶ ያንኑ ቃል ቢጽፍ፥ ምስጋናው ግፍ ይሆናል። በፈቃድ የተመረጠ ዝግታና በዕጦት የመጣ ዝግታ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ከቅርብ ግን አንዱ ጾም ነው፥ ሁለተኛው ረኃብ። የሚጾመው ሰው ማዕዱን በፈቃዱ ትቶታል፤ የተራበው ግን የሚተወው የለውም። ስለዚህ ዝግ ያለ ኑሮን የሚያመሰግን መጽሐፍ በእጃችን በገባ ቍጥር፥ ሁለት ጥያቄ እንድንጠይቀው ይገባል፤ ይህን ዝግታ ማን መረጠው? ዋጋውንስ ማን ይከፍለዋል? የሊ ፈርመር መጽሐፍ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል፤ መነኰሳቱ በአመክሮ ተፈትነው ወድደው የገቡ ናቸውና። ለሁለተኛው ግን መልሱ ግማሽ ነው።

በከተማ የሚኖር አንባቢ ከዚህ መጽሐፍ ምን ይወስዳል? ሁሉም ወደ ገዳም ይሂድ አንልም፤ ሁሉም ወደ ባዕድ አገር ተሻግሮ ጸጥታ ይፈልግ አንልም። ሊ ፈርመር ራሱ ወደ መጻፉና ወደ መጓዙ ተመለሰ፤ ኋላም በግሪክ አገር በባሕር ዳር ቤት ሠርቶ ኖረ። የሚወሰደው ነገር ደወሉ ነው። እንግዳው በገዳሙ ያገኘው ዕረፍት ከሥራ ማነስ አልመጣም፤ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ሰዓት ካለው ቤት መጣ እንጂ። ጸሎት የራሱ ሰዓት አለው፤ ሥራም፥ ማዕድም፥ ዝምታም እንዲሁ፤ አንዱ በሌላው ላይ አይጋፋም። የእኛ ቀን የሚያደክመን ነገሩ ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ስለሚጠራን ነው። በማዕድ ሳለን ሥራው ይጠራናል፤ በሥራ ሳለን ወሬው ይጠራናል፤ በጸሎት ሳለን እንኳ ልባችን በገበያ ነው።

መጽሐፉን የምናነብ ሁላችን የደራሲውን እውነተኛነት እናመስግን፤ ከእርሱ ጋራ ግን በመስኮቱ ዘንድ አንቁም። ሰው ዝግ ያለ ኑሮን እንደ እንግዳ ሲወድደው ጥቂት ቀን ያርፋል፤ ሥርዐቱን በራሱ ላይ ሲቀበለው ግን ለሌላው ማረፊያ ይሆናል። የቅዱስ ቫንድሪይ መነኰሳት ላንድ ዕረፍት የለሽ መንገደኛ ያደረጉለት ይህን ነው፤ ከምን እምነት እንደ መጣ ሳይመረምሩት፥ ደወላቸውን በሰዓቱ እየደወሉ አሳረፉት።